ወደ መንፉሃ በእግር

ሐኪሙ ማማ ከቢራ በየቀኑ በእግራቸው እንዲሄዱ ሲያዝ፣ ትእዛዙ የወደቀው እኔ ላይ ነበር። ማማ ከቢራ የምንላቸው የቤቱ ጌታ እናት ናቸው፤ ትልቋ እማማ እንደማለት ነው። ስኳር ካደረባቸው ቆይቷል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። እኔ ሪያድ ውስጥ፣ ዑረይጃ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዘጠኝ ሰው አገለግል ነበር። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በፊት ተነስቼ ወለል እጠርጋለሁ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም እተኩሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ከዚያ ምሳ ይከተላል። የምሳው ድስት ታጥቦ ሲያልቅ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ተደግፌ ዓይኔን የምከድንባት አንዲት ሰዓት ነበረችኝ። ያቺም ሄደች።

የልጃቸው ሚስት ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ ይዣቸው በግቢው ግንብ ዙሪያ እንድዞር፣ ከመንገዱ ጥግ ግን እንዳላልፍ ነገረችኝ። ወቅቱ ብዙ የአገሬ ልጆች እየተያዙ ወደ አገር የተመለሱበት ዓመት ማግስት ነበር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ በቤቱ ጌታ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ስለሚኖር፣ ባይነግሩኝም ከጥጉ አላልፍም ነበር።

ቀስ ብሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚያደክም ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ እርምጃ እራመድና እቆማለሁ፣ ምርኩዛቸው ይደርስብኛል፣ እንደገና እራመዳለሁ። ሽቅብ ሲወጡ መዋል ከዚህ ይቀላል። ሦስት ዙር ስንጨርስ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አያወሩም፣ እኔም አላወራም። አረብኛቸው የድሮ ሰው አረብኛ ስለሆነ ለመልመድ ስድስት ወር ወስዶብኛል።

አንድ ቀን ግን ቆም ብለው እግሬን ተመለከቱ።

"ልጄ፣ አንቺ የመንገድ ሰው ነሽ" አሉኝ። "ቤት ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ አይረግጥም።"

ነገርኳቸው። የተወለድኩት ጎረቤት ከሆኑ ሁለት ትናንሽ የወሎ ከተሞች በአንዷ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በጎረቤታችን ከተማ ስለነበር፣ እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቄን፣ ድርቆሹንና ሽሮውን፣ በማዳበሪያ ከረጢት አዝዬ እወርዳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ከረጢቴን አጣጥፌ እመለሳለሁ። የአራት ሰዓት መንገድ ነው። መሃል ላይ ወንዝ አለ። ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ ገበያተኛውም ተማሪውም ዳር ላይ ተደርድሮ እስኪጎድል ይጠብቃል። ከወንዙ ማዶ ሰው "ምራቅ አድርቅ" የሚለው ዳገት አለ። የእኛ አፈር ቀይ፣ የእነሱ ጥቁር ስለነበር፣ ማን ከየት እንደመጣ ከጫማው ይታወቃል። ሁለት ዓመት ተመላልሼ የአሥረኛ ክፍል ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ መንገዱን ተውኩትና ሪያድ መጣሁ።

አቋርጠው አልጠየቁኝም። የዚያን ቀን ዙር ስንጨርስ ግን የራሳቸውን ነገሩኝ። የተወለዱት መንፉሃ ነው።

መንፉሃ ሲሉ ደነገጥኩ። ለእኔ መንፉሃ የሐበሻ ሰፈር ነው። ከሰፈሬ የመጡት ልጆች አንዲት ክፍል ለስምንት የሚከራዩት እዚያና አጠገቡ ጉበይራ ነው፤ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ሲመጣ የሚሮጡትም እዚያው ነው። ማማ ከቢራ ግን የሚያወሩት ስለሌላ መንፉሃ ነበር። የጭቃ ግንብ፣ የተምር ዛፎችና የውሃ ጉድጓድ ያላት የገበሬ መንደር። ሪያድ ሌላ ከተማ ነበረች፣ በር ያላት። ከእናታቸው ጋር የከብት መኖ በአናታቸው ተሸክመው፣ በተምሩ መሃል አልፈው ሪያድ ገበያ ይሸጡ ነበር። በሩ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ስለሚዘጋ ቶሎ መውጣት ያስፈልጋል። የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር አሉኝ፤ ለልጅ እግር ግን ከዚያ ይበልጣል። ካገቡ በኋላ መንፉሃን አላዩም። ልጃቸው እንዲያሳያቸው ሲጠይቁት "እዚያ ምን አለ? ባዕድ ብቻ ነው ያለው" ይላቸዋል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እናወራ ነበር። ወሬው ዙሩን አሳጠረው ማለት አልችልም፤ ድካሙ ያው ነው። ግን እሳቸው ከሦስት ዙር ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስምንት ከፍ አደረጉ። ሐኪሙ በጣም ተደሰተ። እኔ ሌሊት እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ እተኛ ጀመር።

በሁለተኛው ክረምት፣ ማለትም የሪያድ ብርድ በገባ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ለሠርግ ሁለት ቀን ሌላ ከተማ ሄደ። ማማ ከቢራ ጉልበቴን አሉና ቀሩ። ሹፌሩም ቤተሰቡን ይዞ ሄዷል። በማግስቱ ፈጅር እንደሰገድን አባያዬን እንድለብስ አዘዙኝ። ዙሩን ማለዳ ሊያደርጉት ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ጥጉ ጋ ስንደርስ አልታጠፉም።

"ማማ፣ ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"መንፉሃ።"

ኢቃማዬ እጄ ላይ አለመኖሩን ነገርኳቸው፤ ሹርጣ ቢያስቆመኝ ጠፍታ የወጣች ነው የሚለኝ። "ከእኔ ጋር ያለሽውን ማን ይጠይቅሻል?" አሉና ምርኩዛቸውን አስቀደሙ። በጉልበት ልመልሳቸው አልችልም። ብቻቸውን ልልካቸውም አልችልም። ሄድኩ።

ሪያድ ለእግረኛ የተሠራች ከተማ አይደለችም። የእግረኛው መንገድ ድንገት ያልቅና መኪና የቆመበት አሸዋ ይሆናል፤ እንደገና ይጀምርና አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያልቃል። ትልቁን ጎዳና ለመሻገር መሸጋገሪያ ድልድይ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ሄድን። ደረጃውን እኔ ከኋላ እየደገፍኩ፣ እሳቸው ብረቱን ይዘው አንድ በአንድ ወጡ። ከጎዳናው ወዲያ ያለው የተምር ሸለቆ ጋ ስንደርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። አቅጣጫውን እንደሚያውቁት በምርኩዛቸው አሳዩኝ፤ ውሃው ወደዚያ ይወርዳል፣ መንፉሃ በዚያ በኩል ናት። እውነትም ነበር። ተምር ሥር ተቀምጠን ከመንገድ ዳር የገዙልንን ዳቦ በላን። ፀሐይ ሞቀች። የምፈልገው መተኛት ብቻ ነበር።

ከሸለቆው ወዲያ ያለው አቀበት ትንሽ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅ ሆነ። አናቱ ላይ ጎማ የሚጠግን ፓኪስታናዊ አየንና ቆምን። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ወንበር አወጣላቸው፣ ውሃ አመጣልን። እሳቸው ሲጠጡ እኔ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የቀኝ ጫማቸውን ያየሁት። በውጭ ጠርዙ እየረገጡ ነበር የመጡት፤ የካልሲያቸው ጫፍ ጠቁሯል።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል እንደማይሰማው አውቃለሁ። ሐኪሙ ሲናገር አጠገባቸው ነበርኩ። ጫማቸውን ላውልቅ ብዬ ብነሳ፣ መንበርከክ አለ፣ ማጠብ አለ፣ ተሸክሞ መመለስ አለ። ጎማው ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ላብ ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ "ያላ፣ እንሂድ" አሉኝና ተነሳን።

መንፉሃ የገባነው እኩለ ቀን ላይ፣ ዙህር ሊደርስ ሲል ነበር። ማማ ከቢራ ግን መግባታችንን አላወቁም፤ መንፉሃ እንደደረስን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጠባብ መንገድ፣ የተደራረበ ቤት፣ ከመስኮት መስኮት የተሰጣ ልብስ። አንድ ግሮሰሪ መስታወት ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደሉን አይተው ምን እንደሚል ጠየቁኝ።

"በአማርኛ ነው፤ ክፍል የምትጋራ ሴት እንፈልጋለን ይላል።"

"የት ያለ ክፍል?"

"እዚሁ፣ መንፉሃ።"

ወረቀቱን ማንበብ የሚችሉ ይመስል ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

የግሮሰሪው ልጅ ሐበሻ ነበር። "እህቴ፣ ምን ልርዳሽ? እናትየዋ ጠፍተው ነው?" አለኝ። የድሮውን መንደር እንደሚፈልጉ ስነግረው ትንሽ አሰበና ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ ጀርባ የፈረሰ የጭቃ ግንብ እንዳለ ነገረን። ግሮሰሪውን ለጓደኛው ትቶ ወሰደን። ግንቡ ከወገብ በታች ቀርቷል። አጠገቡ ጫፋቸው የተቆረጠ ሁለት የተምር ግንዶች ቆመዋል፣ በዙሪያቸው የቆሻሻ ከረጢት። ማማ ከቢራ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉ። አለቀሱ ብል ውሸት ነው።

"የእኛ አይደለም" አሉ። "የማን እንደሆነም አላውቅም።"

ከዚያ ዞር ብለው መንገዱን በሁለቱም በኩል ተመለከቱና ጠየቁኝ።

"ሪያድ በየት በኩል ናት?"

የቆምነው ሪያድ ውስጥ ነው። የመጣነውም ከሪያድ ነው። ልጁን ተመለከትኩት፣ እሱም እኔን ተመለከተኝ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፣ "ሐጃ፣ በዚያ በኩል ነው" ብሎ በእጁ ወደ ሰሜን አሳያቸው። አመሰገኑትና ወደዚያ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ቀኝ እግራቸው ከዳቸው።

ጫማቸውን ያወለቀላቸው የግሮሰሪው ልጅ ነው። ስለ ካልሲው መናገር አልፈልግም። ታክሲ ጠርቶልን ሹመይሲ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። በመንገድ ላይ በስልካቸው ለልጃቸው ደወልኩ። እሱን ከማግኘቴ በፊት ሦስት ጊዜ ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ።

ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ተቆረጡ።

ልጃቸው ሠርጉን ጥሎ በዚያው ቀን መጣ። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በአልጋው ማዶ ቆሞ እግራቸው መቁሰሉን መንገድ ላይ አላየሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩት። ማማ ከቢራ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ተዋት" አሉት። "እግርዎን ልይ ስትለኝ እንዳትነኪኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ያወጣኋትም እኔ ነኝ።"

እንዲህ አላልኳቸውም፣ እንዲህም አላሉኝም። ልጃቸው ግን አመናቸው፤ ሥራዬን አላጣሁም። ወደ አገርም አልላከኝም፤ ያኔ የምፈራው መላኩን ነበር።

ዙሩ ቀረ። የተሽከርካሪ ወንበር ተገዛላቸው። ያቺ የከሰዓት ሰዓቴ ተመለሰችልኝ፣ ግን ግድግዳ ተደግፌ ዓይኔን ስከድን እንቅልፍ አይመጣም። ጉልበቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመለሰም ብል ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ብረት እይዝ ነበር።

እግራቸውን ማጠብና በጨርቅ መጠቅለል የእኔ ሥራ ሆነ። ጠዋትና ማታ፣ ለወራት። አንድ ጠዋት፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎድጓዳው ሳህን ፊት ተንበርክኬ ሳለሁ አፌ ከፈት አለ። ጎማ ጠጋኙ ጋ እንዳየሁ ነገርኳቸው። ደክሞኝ ነበር አልኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ማማ ከቢራ እግራቸውን ከውሃው አላወጡም።

"ስታይ አይቼሻለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ብትነግሪኝ ኖሮ እንመለስ ነበር።"

መጥፎ ስለሠራሁ ይሁን ደግ ስለሠራሁ ያሉት፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። እንዲያብራሩልኝ ለመጠየቅም አፈርኩ። እሳቸው ውሃው መብረዱን ነገሩኝ። ሳህኑን አንስቼ ሌላ ላሞቅ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።