ጥያቄ ይዛችሁ ኑ

«ምንም ጥያቄ የለንም በያት።»

«እማዬ፣ እንደሱ አይባልም። ያለችን እኮ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ ነው።»

«ከፈለገች ራሷ ትጠይቅ፤ እኛ እንመልሳለን። አሳጥረሽ በያት።»

የምንጨቃጨቀው ሴትየዋ ፊት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ አማርኛ አትሰማም። እርሳሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዴ እኔን አንዴ እናቴን እያየች ትጠብቃለች። ጫማዋ ጫፍ ላይ እርጥብ የጥድ ቅጠል ተጣብቋል። በፈራሁ ቁጥር ዓይኔ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ላይ ያርፋል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከምንኖርበት ከክላርክስተን ወደ ትምህርት ቤት በምሄድበት አውቶቡስ ውስጥ ልቤ መደለቅ ከጀመረ ሰንብቷል። ክፍል ውስጥም መቀመጥ አቅቶኝ ድንገት ተነሥቼ እወጣ ነበር። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወደዚህች ሴት መራችን። እሷም አስቀድማ በስልክ አሠራሯን ነግራናለች። ምርመራው የሚጀምረው እኔና እናቴ ይዘን በምንመጣው ጥያቄ ነው። ስለ እኔ ማወቅ የምንፈልገውን እንነግራታለን፤ የምትፈትነኝባቸውን መመዘኛዎች ከዚያ ተነሥታ ትመርጣለች፤ የተገኘውንም ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።

እናቴ ወጥመድ ነው አለች። እዚህ አገር የገባችው በስደተኝነት፣ ከአንዱ ቃለ መጠይቅ ወደ ሌላው እየተመላለሰች ነው። እዚያ የተማረችውን እስከ ዛሬ አልተወችም። የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፣ አሳጥሪ፣ ትናንት ያልሽውን ዛሬም ድገሚ። ለእሷ ጥያቄ ይዞ ቢሮ የሚገባ ሰው ሳይጠየቅ ራሱን የሚያጋልጥ ሰው ነው። ስለዚህ ያን ቀን ከምትሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከኮንየርሱ ዌርሃውስ፣ የአንድ ቀን ኦፍ ወስዳ፣ እየነዳች መንገዱን ሙሉ ስታስጠናኝ መጣች።

«ትተኛለሽ ወይ ካለችሽ?»

«እተኛለሁ።»

«ምግብስ?»

«እበላለሁ።»

«ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ካለችሽ?»

መንገዱን አየሁ። «አልሰማም።»

«ቶሎ በይዋ። ስታስቢ እንዳታይሽ።»

የድምፁን ጥያቄ ለምን እንደጨመረችው አልጠየቅኋትም፤ ፈራሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ስንኞቹ የሚመጡልኝ በድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የእኔ ያልሆነ፣ የሴት ድምፅ። አውቶቡስ ስጠብቅ ይመጣል፤ ሳህን ሳጥብ ይመጣል። እናቴ በስልክ ስለ ታናሽ እህቷ ስታወራ እስክሰማት ድረስ ደስ ይለኝ ነበር። ብቻዋን የምታወራ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የጓሮው ክፍል ተዘግቶባት «ክፍለ ሀገር ሄዳለች» የሚባልላት አክስት እንደነበረችኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አክስቴ መጀመሪያ የሰማችው ምን ይሆን? ስንኝ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሲመጣ ሙዚቃ ከፍቼ እሸፍነዋለሁ።

ሴትየዋ ጭቅጭቃችን እንደማያልቅ ስታይ በስልክ አስተርጓሚ ጠራች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥርት ያለ የሴት ድምፅ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» አለን። እናቴ ደርቃ ቀረች።

«ዝጊው በያት።»

«ምነው?»

«እሁድ እሁድ ቸርች ማስታወቂያ የምታነበው ናት።»

«ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች እኮ።»

«ድምጿን አጣዋለሁ እንዴ? ለሚቀጥለው እሁድ እኛኑ ታነበናለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ሴትየዋ ለሌላ ቀን ከሌላ ስቴት አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ነገረችን። እኔ ላስተርጉም ብላት አልፈቀደችም። «አንቺ እዚህ የመጣሽው ለራስሽ ነው» አለችኝ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። «ተነሽ በቃ።»

አልተነሣሁም። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ።

«አሁን ከሄድን አንመለስም» አልኳት። «አውቅሻለሁ እማዬ።»

እጆቼን አየቻቸው። ተመልሳ ተቀመጠችና ወደ ሴትየዋ ዞረች። ከዚያ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን እየደረደረች በለመደችው እንግሊዝኛ ራሷ ተናገረች። እህት ነበረችኝ አለች። በዚህች ልጅ ዕድሜ ነው የጀመራት አለች። ይቺም እንደሷ ትሆናለች ወይ?

ፍርሃቱ የእኔ ብቻ እያለ ራሴ የፈጠርኩት ነው ብዬ እጽናና ነበር። ለካ እናቴም እያየችኝ ስትፈራ ኖራለች።

ሴትየዋ ጥያቄውን በእርሳሷ ጻፈችው። «ትልቅ ጥያቄ ነው» አለች። «መልሱን አሁን አላውቀውም። ከእናንተ ጋር ሆኜ እፈልገዋለሁ።» አይዟችሁ፣ ምንም የለም ብትለን ምን ነበረበት? አለማለቷ የባሰ አስፈራኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የአንቺስ ጥያቄ?»

አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ እናቴ ላይ ሲያርፍ መልሼ ዘጋሁት።

እናቴ የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ፓርኪንግ ነኝ።»

«ቆዪ እንጂ እማዬ።»

«እኔ እያለሁ አትናገሪም።»

በሩ ጋ ስትደርስ እጀታውን ይዛ ቆመች። አልዞረችም።

«አታሳጥሪ» አለችኝ።

ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።