የዘሀራን ትኩሳት ይዤ ወደ መካነ ሰላም

ዘሀራን በበቅሎ አስቀምጠን ከቆላው የወጣነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ለቋት የነበረው ትኩሳት ተመልሶባት ማስመለስ ስትጀምር፣ የቀበሌያችን የጤና ኬላ ባለሙያ «መካነ ሰላም ሆስፒታል ትሂድ፤ ደሟ በማይክሮስኮፕ ይታይ» ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩምና ያልገባኝ ነገር እንዳይኖር ወረቀቱን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ተገኝቶባት የሦስት ቀን ኪኒን ተሰጥቷት ነበር። በሁለተኛው ቀን ተነስታ ስትጫወት ሳይ የቀረውን በጨርቅ ቋጥሬ አስቀመጥኩት። በእኛ ሰፈር የተረፈ ኪኒን ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል። ትናንት ሲያተኩሳት ከዚያው ሁለት ጊዜ ሰጠኋት። ለማንም አልተናገርኩም።

አቀበቱ

የበቅሎዋ ባለቤት ጎረቤታችን ጋሼ ይመር ናቸው። ጭጋጉ ከአባይ በኩል እየተከተለን ወጣ። ወደ ኋላ ስዞር ቤታችንም ማሽላውም የለም፤ ከሥራችን ያለው ነጭ ባሕር ብቻ ነው። ዘሀራ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፦

«እማዬ፣ ሰማይ ደረስን?» አለችኝ።

በመልሱ ጋሼ ይመር ቀደሙኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ገና ነን። ይቺ በቅሎ ሙሽራ እንጂ በሽተኛ ጭና አታውቅም፤ ለዚህ ነው የምትንቀባረረው።»

ልጄ ፈገግ አለች። አፋፉ ላይ ብርዱ ተቀበለን። የገብሱ ማሳ በጭጋጉ ውስጥ እየታየ ይጠፋል፤ የምንሄደው እኛ እንሁን ማሳው አላውቅም። ከመኪናው መንገድ ስንደርስ ቂጣ በሻይ ቀመስን። ጋሼ ይመር «አላህ ያሽራት» ብለው ተመለሱ፤ እኛ በሚኒባስ ቀጠልን።

መካነ ሰላም፣ ስድስት ሰዓት ገደማ

የላቦራቶሪዋ ወጣት የዘሀራን ጣት ወጋ አድርጋ ደሟን በስስ መስታወት ላይ አሳረፈች። ነርሱ ደግሞ ጠየቀኝ።

«ሰሞኑን መድኃኒት ወስዳለች?»

«ኧረ ምንም!» አልኩ። «ልጅሽን ያሳመምሻት አንቺ ነሽ» እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።

ብዙ ቆይቶ ውጤቱ መጣ። ወባ አልታየም። ነርሱ ለሌላ በሽታ መድኃኒት ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። የልጄ ራስ ጭኔ ላይ እንደ ፍም ይፋጃል። ወለሉ ከእግሬ ሥር እንደ ጭጋግ የሸሸ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «ስንት ፍሬ? በስንት ሰዓት?» ብቻ ብሎ ጻፈና ራሱ ላቦራቶሪ ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሲናገር ሰማሁት፦ «ኪኒን ወስዳለች፤ ወባው ቢኖርም ጥቂት ነው የሚሆነው። ደግማችሁ እዩት።» አንድ ሸምገል ያሉ ባለሙያም ተጠሩ። እሳቸውና ወጣቷ በየተራ አጎነበሱ። ግድግዳው ላይ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ በሩ እስክትሄድ ድረስ አየኋት።

«ይኸው፣ አገኘሁት!» አለች ወጣቷ። ወጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «እህቴ፣ ባትነግሪን ኖሮ ነጻ ናት ብለን ልንሸኛት ነበር።»

ዘሀራ ሁለት ቀን ተኝታ ታከመች። በሦስተኛው ቀን ቂጣ ጠየቀችኝ።

ቤት

የቀራትን ኪኒን ይዘን ወረድን። እየሮጠች እየተጫወተች እንኳ እየጠራሁ፣ ፍሬው እስኪያልቅ አስዋጥኳት። በሳምንቱ ጎረቤቴ ከድጃ መጣች።

«ባሌን እያንቀጠቀጠው ነው። ከዘሀራ የተረፈ የለሽም?»

«አልተረፈም፤ ቢተርፍም አልሰጥሽም።»

«ወይ ጉድ! ከተማ ደርሰሽ መጣሽና ጨከንሽ?»

«ባልሽን አስነሺው፤ ጤና ኬላ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

አኩርፋ ሄደች፤ ግን ባሏን ደግፋ ወጣች። መንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጠዋት ከእህቴ ቤት ያመጣሁትን አንድ ፍሬ ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ።

«ገና ሳትጠየቂ ንገሪያቸው» አልኳት። «እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ።»