ገብረጻድቅና የኋላው መስኮት

ጎባ ውስጥ ገብረጻድቅን የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። በጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ኤሌክትሪክ ተምሮ የወጣ፣ መኪና የሚጠግን፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምታው ያናድደኝ ነበር። እኔ ፈቀደ፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፣ አፌ አያርፍም፤ እሱ ደግሞ አሥር ጠይቀኸው አንድ ከመለሰልህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራውን ጨርሶ እንኳ «አለቀ» አይልም። እጁን በጨርቅ ይጠርግና «እስቲ ይታያል» ይልሃል።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የምነዳው የመስክ መኪና ያረጀ ነበር፤ ከኛ በፊት ሁለት መሥሪያ ቤት አገልግሏል። የኋላ መስኮቱ በኤሌክትሪክ ነው የሚወርደው። ቁልፉን ስትጫነው፣ በበሩ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር መስታወቱን ታወርደዋለች። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ ደግሞ የኋላው በር አይከፈትም። ይህን ያሰበ ሰው የባሌን አቧራ አያውቅም እያልኩ ስራገም ነው የኖርኩት።

ታኅሣሥ ላይ መስኮቱ ጭራሽ እምቢ ሲለኝ ወደ ገብረጻድቅ ወሰድኩት። የበሩን ሽፋን ፈታ፣ ሞተሯን አወጣ፣ ያረረውን ሽቦ ቀየረ፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ጎማ በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። ሲያስረክበኝ እንደ ልማዱ «እስቲ ይታያል» አለና አንድ ነገር ጨመረ፤ ጎማውን ምንም ዓይነት ቅባት እንዳላስነካው አስጠነቀቀኝ።

መቼ ሰማሁት። መስኮቱ ይሠራል፣ ሲወርድ ግን ይጮሃል፤ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጩኸት። ሮቤ ገበያ በዋልኩበት ቀን ለቤት ከገዛሁት ቅቤ በጣቴ ዛቅ አድርጌ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቅሁት። በቀትር ፀሐይ መስታወቱ ጸጥ ብሎ ወረደ፣ ጸጥ ብሎ ወጣ። ገብረጻድቅ ያላወቀውን አወቅሁ ብዬ ስኮራ ዋልኩ።

በነጋታው ማለዳ ወደ ጎባ ሆስፒታል ተጠራሁ። ጀሊል የሚባል የሃረና ሰው በቅሎው ገደል ላይ ወድቃበት ጭኑ ተሰብሯል። ከብብቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ከረጅም ጣውላ ጋር አስረውታል፤ የእግሩ ጣቶች መጥቆር ጀምረዋል። ሐኪሙ ዛሬ አዲስ አበባ ካልደረሰ እግሩ መቆረጡ ነው አለ። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ላይ ከሮቤ ሜዳ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እንደዚያ የታሰረ ሰው በጎን በር አይገባም፤ ቃሬዛ የሚያስገባ መኪና ደግሞ ከኔው በቀር አልተገኘም።

ቁልፉን ተጫንኩ። ሞተሯ አቃስታ ዝም አለች። ደግሜ ተጫንኩ፤ ምንም። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው ቅቤው ትዝ ያለኝ። የጎባ ብርድ ቅቤን ምን እንደሚያደርገው ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። 

ሰው ተልኮ ገብረጻድቅ እየሮጠ መጣ። አለቃዬ አቶ ሙሉሃብትም ደረሱ፤ ሰሞኑን የተጠገነ መስኮት ዛሬ እንዴት ይቆማል እያሉ ይቆጣሉ። የጀሊል ሚስት ጁሀራ ከቃሬዛው አጠገብ ቆማ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ጀሊል ዓይኑን ከኔ አይነቅልም። አንዱ መስታወቱ ይሰበር አለ። ቢሰበርም የበሩ መቆለፊያ የሚለቀው መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው የማንሻ ብረት ሲወርድ ስለሆነ ዋጋ አልነበረውም።

ገብረጻድቅ በፊተኛው በር ገብቶ በወንበሮቹ ላይ ተሳበና ሽፋኑን ፈታ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ ላይ የረጋ ቅቤ ነበር። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አቶ ሙሉሃብት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁኑኑ ይነገረኝ አሉ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አምስት ልጆች አሉኝ፣ እንጀራዬም ያችው መኪና ናት። ፈራሁ።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ገብረጻድቅ። «አሁን የፈላ ውሃ ያስመጡልኝ።»

ከወጥ ቤት ውሃ በባልዲ መጣ። ጨርቅ እየነከረ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ ይጠመጥማል፤ መስታወቱን ጠብታ እንዳይነካው በክንዱ ይከልላል። የቀዘቀዘ መስታወት ሙቅ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪው ማንሻው ውስጥ ከተሰነቀረ ደግሞ የጀሊል ነገር አበቃ ማለት ነው። እጁ ቀልቶ ቆዳው ተነሣ። ሰዓቱ ይሄዳል። ተጫን ብሎ ምልክት ሲሰጠኝ ቁልፉን ተጫንኩ። መስታወቱ አንድ ስንዝር ወርዶ ቆመ። ባትሪው እንዳይደክም ተው አለኝ፤ እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና ውሃ። በሦስተኛው ወረደ። በሩ ተከፈተ፣ ጀሊልን አስገባነው።

እስከ ሮቤ እንዴት እንደነዳሁ የማውቀው እኔና ፈጣሪ ነን። ብነዳ መንገዱ አያልቅም፣ ብፈጥን ጀሊል ይጮሃል። ሜዳው ስንደርስ የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሥቶ ነበር፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

አቶ ሙሉሃብት ከዚያ ቀን ጀምረው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ገብረጻድቅ ደጅ እንዳይደርስ ከለከሉ። ወሬው ከተማውን ዞረ፤ ሌሎች ደንበኞቹም ቀሩ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ወራት ሄዱ።

ግንቦት ላይ አንድ ሰው መሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠራኝ። ጀሊል ነው፤ ምርኩዝ ይዟል፣ ግን በሁለት እግሩ ቆሟል። ትከሻዬን ስሞ መረቀኝ፤ አንተ ባትበርልኝ ኖሮ እግሬ የት ነበር አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለዚያ መካኒክ፣ ጀሊል ይቅር ብሎሃል በልልኝ። በሆዴ ይዤበት መኖር አልፈልግም።»

እሺ አልኩ። ምነው እሺ ያለው ምላሴ በተቆረጠ። ወደ ገብረጻድቅ የሄድኩት እውነቱን ላወጣ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳሰናዳ ነበር። ባዶ ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የሰው ሬዲዮ ይፈታል። ፊቱ ስቆም ከአፌ የወጣው ግን የጀሊል መልእክት ነው፣ ቃል በቃል።

መፍቻውን አስቀመጠ።

«እግሩ ይታጠፋል?» አለኝ።

«ይታጠፋል።»

«ተመስገን» አለ። «ይቅርታውንም ተቀብያለሁ በለው።»