ባለቤቱ የሞቱበት የኮሽም አጥር

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ዘልቆ፣ ዛሬ ፎቅ የሞላው ሰፈር ያኔ የገበሬ መንደር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው የምላችሁ። የመንደሩ ሴቶች ተሰባስበው ከኮሽም ማርማላታ ያበስሉ ነበር። ኮሽም ያው እሾሃሙ የአጥር ተክል ነው፤ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል፣ ይኮመጥጣል። የሚገዙት ወፍና ጫካ ለማየት የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶች ናቸው። የእኔ ሥራ ማገዶ ማቅረብና ከሾላ ገበያ ስኳር ተሸክሞ ማምጣት ነው።

ሰብሳቢያቸው የሟች ወንድሜ ሚስት ነበረች። አንድ አስጎብኚ ልጅ «ቅዳሜ እንግዶች አመጣለሁ፤ ከወደዱላችሁ በየሳምንቱ ነው፣ ካልወደዱ ሌላ መንደር እፈልጋለሁ» ብሏታል። መሬቷ ለቤት መሥሪያ ከተወሰደ ወዲያ ከዚህ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም።

ችግሩ ኮሽሙ ነው። ሰው ሁሉ አጥሩን ነቅሎ ቆርቆሮ አቁሟል። የቀረው የአንዲት ኦሮምኛ ተናጋሪ አሮጊት አጥር ብቻ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወራሽ የላቸውም፣ ጣሪያውም ወድቋል። ቢሆንም ሴቶቹ እዚያ ሲሄዱ እንደ ሰው ቤት ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። በሕይወት እያሉ ሳይጠሯቸው የገባባቸውን አይወዱም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ዝናብ መጣ መጣ ሲል በጥድፊያ ዘለን ገባን። ማንም አልተጣራም። ማርማላታው ቀኑን ሙሉ ተንተክትኮ አልረጋ አለ፤ እንደ ሻይ ውኃ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ እሳቱን አንቀላፍተውበት ነው እንጂ!» አለችኝ አንዷ።

«እኔ አንቀላፋሁ፤ ድስቱስ?»

ሳቁ። የወንድሜ ሚስት ግን አልሳቀችም። «አልተጣራንም እኮ» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ደግሞ፣ «በጣም የበሰለውን ብቻ ለቅመን ይሆናል። ጥሬ ካልተቀላቀለበት አይረጋም» አለች። ሁለቱንም ያመነች መሰለኝ።

አርብ ጠዋት ተመለስን። የጥቅምት ጉም አጥሩን ውጦታል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ «ቤቶች!» አለች። ቁራ እንኳ የለም። ቆይቶ ከውስጥ፣ በኦሮምኛ፣ ግቡ የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ደከም ያለ ነው፤ ከመኝታው ያልተነሣ ሰው ድምፅ።

ተያየን። እሷ ቀደመች፣ እኔ ተከተልኩ።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል፣ ኮሽም ተከምሯል። የበሰለውም ጥሬውም ተቀላቅሎ፣ ልክ ለድስቱ የሚሆነውን ያህል። እረኛ ነው የለቀመው ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ሣሩ ላይ ጤዛው አልተነካም፤ የተረገጠው እኛ የመጣንበት ብቻ ነው። በዚያ ቀዬ እንሰት የሚባል ተክል ደግሞ አላውቅም።

«እግዜር ይስጥልን» አለች ወደ ባዶው በር፣ አንሥታም ያዘችው።

ያ ማርማላታ ድስቱ ሳይወርድ ረጋ።

ቅዳሜ እንግዶቹ ቀመሱ፣ ወደዱት። ከዚያ ፍሬው የሚለቀምበትን ካላየን አሉ። ደጁ ስንደርስ የወንድሜ ሚስት አስቆመቻቸውና «ቤቶች!» አለች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። የለም።

አስጎብኚው ተቁነጠነጠ። «እትዬ፣ ቤቱ ባዶ ነው እኮ!»

«አርብ ዕለት ባዶ አልነበረም።»

«ሰዎቹ ቸኩለዋል። ሥራው ሊቀርብሽ ነው።»

«ይቅር። ግቡ ሳይሉኝ አልገባም።»

ፊቷ አመድ መስሏል፤ ምን እንደምታጣ ታውቃለች። እኔም በቃ፣ አለቀላት አልኩ። ያን ጊዜ ከእንግዶቹ አንዲት ሽበታም ሴት ወደ ውስጥ ፈገግ ብላ እጇን አነሣች፣ ለሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ። ዞረን አየን። ሳማ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች። አስጎብኚው ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት።

«በሩ ላይ የቆሙት አሮጊት ግቡ እያሉን አይደለም ወይ ነው የምትለው» አለ።

የወንድሜ ሚስት በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግባ» አለች።

እንግዶቹ በየሳምንቱ መጡ፤ እሷም በዚያው ኖረች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ደጅ አላለፍኩም። ውጭ እቆማለሁ፣ ቅርጫቱን በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል። አንዳንዴ ሴቶቹ ሁሉ ከወዲያ ማዶ ሲሳሳቁ እየሰማሁ፣ እዚህ አጠገቤ ቅርጫት ይመጣልኛል። እቀበላለሁ። ቀና ብዬ አላይም።