ወይን ጠጁ አደይ

ጓደኛዬ ታትማለች፣ እኔ እቀባለሁ። ባጃጅ ገና መቱ ከተማ ባልገባበት ጊዜ፣ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሁለታችን ሥራ ይኸው ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ካርድ። የሰፈሩ ልጆች ደብተር ቀደው አበባ ሲሞነጫጭሩ፣ እኛ አሮጌ ክላሴር ቆርጠን፣ ለሁለት አጥፈን፣ ውስጡ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ስለምንጽፍ ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንዞረው።

ማኅተሙን የሠራችው እሷ ናት። ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ላይ አደይ አበባ በምላጭ ቀረጸች። ምላጩ ስላመለጣት አንድ ጎኑ ጎደሎ ነው። አባቷ ከመሥሪያ ቤት ያመጡላትን፣ ቀለሙ ያለቀ የማኅተም ስፖንጅ ውሃ ጠብ እያደረገች ታረጥበዋለች። ቀለሙ ወይን ጠጅ ስለሆነ አደያችንም ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫውን እኔ በእርሳስ ከለር እደርብበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። ስታትም ወረቀቱን በግራ አውራ ጣቷ ስለምትይዘው፣ በየካርዱ ጥግ የጣቷ አሻራ ይቀራል። እኔ ንጹሕ ሥራ ነው የምወደው፤ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ። «እጅሽን ታጠቢ!» ብዬ ስቆጣት፣ «ፊርማዬ ነው» ብላ ትስቃለች። ስለዚህ በየአሻራው ላይ አረንጓዴ ቅጠል እሥልበት ነበር፤ ጠቅጥቄ፣ ምንም እስከማይታይ ድረስ።

አንድ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሠላሳ ካርድ አትማ ሰጠችኝና በማግስቱ ወባ ጣላት። ሳምንት አልቆየችም። ጳጉሜን ሳትገባ ቀበርናት። ካርዶቹን ምን ላድርጋቸው? ቁጭ ብዬ ቀባኋቸው፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። እያለቀስኩ እንኳ ቅጠሉን አልረሳሁም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት እናቴ ነጭ አልብሳኝ፣ «እነሱ ቤት እንዳትገቢ፤ ለቅሶ ቤት እንኳን አደረሳችሁ አይባልም» አለችኝ። እንደተባልኩት አደረግኩ። የጓደኛዬ እናት ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእሳቸው ቤት በፊት ላለው ቤት ሰጠሁ፣ አንገቴን ደፍቼ በፊታቸው አለፍኩ፣ ቀጥሎ ላለውም ሰጠሁ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር። ያንን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

በመስቀል ማግስት እናቷ ጠሩኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እሷንም እንዲሁ ነበር የሚጠሯት። «የሠራችው ለመንደሩ ሁሉ ደርሶ ለኔ ብቻ ይቅር?»

ካርዶቹ አልቀው ነበር። ማኅተሙ እኔው ዘንድ ስለነበር ሮጬ ቤት ገባሁና አዲስ ሠራሁላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይኼማ ንጹሕ ነው፤ ያንቺ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በየቤቱ ዞርኩ። አንዱ ቤት ሕፃን ቀዶታል፣ ሌላው ቤት ጣሪያው አፍስሶ አበስብሶታል፣ ብዙዎቹ የት እንዳደረጉት አያውቁም። ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ግን የምንሰጣቸውን ሁልጊዜ መደርደሪያቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቀስ ብለው ነቀሉት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እናቷ ካርዱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አበባውን አላዩትም፤ የሚፈልጉት ጥጉን ነበር።

«እጇ ሁልጊዜ በዚያ ቀለም ይለቀለቅ ነበር እኮ» አሉ። «ጣቷ የታለ?»

«እዚህ ጋ ነው፣ እትዬ» አልኩ ቅጠሉን እያሳየሁ። «ቀለም ደረብኩበት። እንዲያምር ብዬ።»

አረንጓዴውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ወረቀቱ አብሮ መነሳት ሲጀምር ተዉት።

«ብትተዪው ምን ነበረበት» አሉኝ።