የጉድጓዱ እርሳስ

ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ካለ አንድ ቢሮ የአፈርና የውሃ ምርመራ እሠራለሁ። ያገሬ ልጆች «አፈር ቆፋሪው» ይሉኛል። ይበሉ። ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን በመካ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ኢስቲራሃ ነው። ሀብታሞች ሐሙስ ማታ እየመጡ የሚዝናኑበት ግቢ ነው። እነሱ የታሸገ ውሃ ጭነው ይመጣሉ፤ ዘበኛውና ሚስቱ፣ ሁለቱም የወሎ ልጆች፣ የሚጠጡት ከጉድጓዱ ነው።

የሦስት ዓመት ልጃቸው ሆዷን ያማት ጀመር። ከዚያ ታውቃቸው የነበሩትን ቃላት አንድ በአንድ ተወች። እናትየው ውሃውን ጠርጥራ ለመነችኝና ናሙና ወሰድኩ።

ከአጥሩ ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚሰብሩ ሰዎች ነበሩ። አሲዱን አሸዋው ላይ ይደፉታል። ባትሪው ውስጥ ያለው ብረት፣ እርሳስ፣ ብቻውን ሲሆን አፈር ይዞት ይቆያል፤ አሲድ ሲያገኘው ግን ይሟሟና ከውሃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ጉድጓዱ ደግሞ ጥልቅ አልነበረም። ውጤቱን ሳየው ተናደድኩ፣ ፈራሁም።

ራሴ ሄጄ «ውሃው እርሳስ አለበት» አልኳቸው።

እናትየው ሳቀች። «ወላሂ፣ የኔ ልጅ እርሳስ ይዛም አታውቅ! ገና መቼ መጻፍ ጀመረችና?»

በአረብኛ ይገባቸዋል ብዬ «ረሳስ» አልኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ለባልየው ረሳስ ማለት ጥይት ነው፤ ብድግ ብሎ «ማን ተኮሰ?» አለ።

አማርኛውም አረብኛውም ከዱኝ። በመጨረሻ ወደ አጥሩ እያመለከትኩ «የባትሪው መርዝ ነው፣ ጉድጓዱ ገብቷል» ስላቸው ሁለቱም ወደ አጥሩ ዞረው አዩ።

«እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣት» አለች እናትየው። «ሆዷን ሲያማትማ ግማሽ እስኪቀር ነው የማፈላው።»

ዝም ማለት በወደድኩ። ግን ነገም ልታፈላ ነው። «ውሃው ይተናል፤ መርዙ እዚያው ይቀራል» አልኳት።

«ያ አላህ! ታዲያ አብዝቼ ያጠጣኋት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? የደፉት እነሱ ናቸው። ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አልኩ። የሰማችኝ አይመስለኝም።

መኪናዬ ውስጥ የነበረውን የታሸገ ውሃ ሮጬ አመጣሁ። እናትየው ለልጇ አቀረበችላት። ልጅቷ ጎንጨት አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና ተፋችው። ከዚያ በጣቷ ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አሳየችን።