ሩሳ ያሳመረችው ቁጥር

ያን ቀን ሸለቆው በጉም ተሞልቶ የገዛ አጥሬን እንኳ ማየት አልቻልኩም። መንገዱ ስለተዘጋ ስልክ ሊያስገቡልን የመጡት ሁለት መሐንዲሶች ታች፣ ከስልኩ ማማ ሥር ቀሩ።

የባሌ ታላቅ እህት ሩሳ ቤቷ ከተራራው መታጠፊያ ላይ ነው። ስልክ የሚሠራው እስከ እሷ በር ድረስ ነው፤ ከላይ ያለነው ከተራራው ጀርባ ስለሆንን አይደርሰንም። ስለዚህ ለእኛ የሚደወለው ሁሉ ለእሷ ይደወላል፤ እሷ ከሰገነቷ ወደ ላይ ትጮኻለች። ድምጿ እንኳን ሰው፣ የሸሸ በግ ይመልሳል። ጉዱ ግን ሩሳ ክፉ ወሬ አድርሳ አታውቅም። ባሌ ዛፊር ከሚሠራበት ከቡርጋስ ወደብ ደውሎ «ለገና አልመጣም» ሲላት፣ ለእኔ የደረሰኝ «ናፍቀሽኛል ብሎሻል!» የሚል ነው። ዛፊር በሃያ ዓመት ትዳር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ይመጣል ብዬ አምኜ ባኒጻ፣ የበዓሉን የአይብ ቂጣ፣ ጋገርኩ። ብቻዬን በላሁት። ከዚያ ወዲህ የምመኘው ባሌ የሚለውን በራሴ ጆሮ መስማት ብቻ ሆነ።

መሐንዲሶቹም የመጡት ለዚሁ ነበር። ካሊና የምትባለው ቀጭን ልጅ ጠረጴዛ የሚያህል ሰሌዳ ገደሉ ላይ ሰቀለች፤ ቶሽኮ ደግሞ ትንሽ ሳጥን በሩሳ ጣሪያ ላይ አሰረ። የተሻለው እዚሁ ይቀራል ተባለ።

«የእኔ እንደ መስታወት ነው» አለች ካሊና፤ «የመጣለትን ወደፈለግነው ቦታ ይመልሳል። መብራትም አይበላም።»

«የእኔ እንደ እትዬ ሩሳ ነው» አለ ቶሽኮ። «ሰምቶ፣ ተረድቶ፣ በራሱ ጉልበት እንደገና ይጮኻል።»

«እንግዲያው ያንተ ይበልጣላ!» አለች ሩሳ።

እኔ ቤት የሚደርሰውን የስልክ ጉልበት የምትለካ መሣሪያ በዋዜማው ሰጥተውኝ ነበር፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን የተሻለ ነው። በጉሙ ቀን ቁጥሩን እኔ ለሩሳ እጮኻለሁ፣ ሩሳ በስልክ ታደርስላቸዋለች። ሰሌዳውና ሳጥኑ በየተራ ሲሞከሩ የማን ተራ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች።

«ሃያ አንድ!» አልኩ። ቀጥሎ «ሦስት!» አልኩ።

ሰሌዳው አሸነፈ ተባለ። ሳጥኑን ፈተው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ስልኬን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፌ ዞርኩ። ትንፍሽ አላለም። ወርጄ ሩሳን ያዝኳት።

«እትዬ ሩሳ፣ ሦስት ስልሽ ምን አልሻቸው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ምነው?»

«አንቺ ደግሞ! ልጅቷ አራት ዓመት የደከመችበት ነው። ፊቷን አላየሽም? የጠወለገ ጎመን! በየት አፌ ሦስት ልበላት?»

«እኔስ?»

ሩሳ ስልኳን አንስታ ለካሊና ደወለች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜም የሰማችውን እንዳለ አደረሰች።

«ሦስት ነበር፣ ልጄ። ሦስት ብቻ።»

ካሊና አልተቆጣችም፤ ሳቀች። «እኔም ገርሞኝ ነበር። ሰሌዳዬ ሳጥኑን ለመብለጥ የቤተ ክርስቲያናችሁን ግድግዳ ማከል ነበረበት» አለች።

ሳጥኑ ተመለሰ። በሳምንቱ ዛፊር በቀጥታ ለእኔ ደወለ። «ለፋሲካ አልመጣም» ብሎ ዘጋው። በራሴ ጆሮ ሰማሁት።

ሩሳ የስልኬን ጥሪ ሰምታ ኖሮ ከታች ጮኸች፦ «ምን አለሽ?»

«አልመጣም አለ!»

«ናፍቀሽኛል ማለቱ ነው!»

ሩሳ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ካሊና በተወችላት ሰሌዳ ላይ ቦሎቄ እያሰጣች፣ ከሳጥኑ ሥር አግዳሚዋ ላይ ትውላለች።